ምዕራፍ ስድስት፦ ስንጥቅ ውስጥ የቆመ ሐይቅ

ቤተ ጊዮርጊስ የቆመበት ጉድጓድ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። የላስታ ዝናብ ደግሞ በክረምት ሲወርድ ዝቅ ያለ ቦታ አይቶ የሚያልፍ አይደለም። ታዲያ ስምንት መቶ ክረምት ገደማ የዘነበበት ይህ ጉድጓድ እንዴት ኩሬ ሆኖ አልቀረም? ስለ ላሊበላ ሲወራ የመስቀሉ ቅርጽ ይነሣል፣ የመላእክቱ እርዳታ ይነሣል፤ የጉድጓዱ መድረቅ ግን ብዙም አይነሣም። እኔን ከመስቀሉ ቅርጽ ባልተናነሰ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው።

በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስፍራ 11 አብያተ ክርስቲያናት ብቻ አይደለም። በመካከላቸውና በዙሪያቸው የሚጠማዘዙት ቦዮች፣ የምድር ውስጥ መሿለኪያዎችና ጠባብ መተላለፊያዎችም ከዚያው ዐለት የተቆረጡ የሥራው አካል ናቸው። ሰሜናዊውንና ምሥራቃዊውን ክፍል የሚለየው፣ ዮርዳኖስ የሚባለው ወንዝ ራሱ የሰው እጅ ያረፈበት ነው፤ በበጋ ደርቆ ይከርማል፣ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይሄድበታል። ቤቱን የፈለፈሉት ሰዎች ለውኃውም መንገድ ፈልፍለውለታል። ያን ሁሉ ዐለት ለቦይ ብሎ መቁረጥ ተራ ጥንቃቄ እንዳልነበረ የሚገባን የቆመ ውኃ ግድግዳን ምን ያህል እንደሚገፋ ስናሰላ ነው።

እስቲ መውረጃው ሁሉ ተደፍኖ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞላ እንበል። (በሐሳብ ብቻ ነው፤ ካህናቱ እንዳይሰሙን።)

1 ሜትር በ1 ሜትር በሆነ ወለል ላይ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ቢተኛ ክብደቱ 1 ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። ከፍታው 2 ሜትር ቢሆን 20 ኩንታል፣ 12 ሜትር ቢሆን 120 ኩንታል ይሆናል። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። አዲሱ ነገር የሚመጣው ወደ ጎን ስንዞር ነው። ጥርብ ድንጋይ ብንደረድር ክብደቱ ቁልቁል ብቻ ይሄዳል፤ አጠገቡ የቆመውን አይነካም። ውኃ ግን የራሱ ቅርጽ ስለሌለው ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን ይሸሻል፤ ግድግዳ ሲያግደው ደግሞ በዚያው ብርታት ግድግዳውን ይገፋል። 12 ሜትር ጥልቀት ላይ ወለሉን በየካሬ ሜትሩ 120 ኩንታል የሚጫነው ውኃ፣ እዚያው ጥልቀት ላይ ያለውን ግድግዳም በየካሬ ሜትሩ 120 ኩንታል ይገፋዋል። ከላይ የሚከድነው ነገር ቢያገኝ ሽቅብ ይገፋዋል። አቅጣጫው ሁልጊዜ ለሚነካው ገጽ ቀጤ ነክ ነው። የፊዚክስ መጻሕፍት በኩንታል ፈንታ በፓስካል ይናገራሉ፤ በእነሱ ቋንቋ በየ1 ሜትሩ ጥልቀት 9.8 ኪሎ ፓስካል ይጨመራል። እኛ በኩንታሉ እንቀጥል።

አሁን 1 ሜትር ወርድና 2 ሜትር ቁመት ያለው አንድ የእንጨት በር እንውሰድ። ተዘግቷል፤ በውጭ በኩል ውኃው እስከ በሩ ራስ ደርሷል፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ከበሩ ራስ ላይ ግፊቱ ዜሮ ነው፤ ከደፉ አጠገብ በካሬ ሜትር 20 ኩንታል ደርሷል። መካከለኛው 10 ኩንታል ነው፤ የበሩ ስፋት 2 ካሬ ሜትር ስለሆነ ጠቅላላው ኃይል 20 ኩንታል ይሆናል። ጎበዝ የተባለ ሁሉ ተሰብስቦ ከውስጥ ቢገፋ ያን በር አይከፍተውም። ሆኖም 20ው ኩንታል በሩ ላይ እኩል አልተከፋፈለም፤ የላይኛው ግማሽ 5 ኩንታል ብቻ ሲደርሰው የታችኛው ግማሽ 15 ይሸከማል። ስለዚህ በእጁ አንድ መደገፊያ ግንድ ብቻ ያለው አናጢ ግንዱን በበሩ ወገብ ላይ ቢያቆመው በሩ ከታች በኩል ወደ ውስጥ ይገረሰሳል። ትክክለኛው ቦታ ከደፉ 67 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከላይ ሲለካ ከጥልቀቱ ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው። መሐንዲሶች ይህን ነጥብ የግፊት ማዕከል ይሉታል። ማጠፊያ ያለው የግድብ መዝጊያ ሲነደፍ ይህ ነጥብ ይሰላል።

ያው በር በጥልቅ ውኃ ውስጥ ቢሆንስ? ከበሩ ራስ በላይ ሌላ 3 ሜትር ውኃ እንጨምር። የበሩ መካከል አሁን 4 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ ኃይሉ 80 ኩንታል ይደርሳል። የግፊት ማዕከሉ ግን ወደ በሩ ወገብ ተጠግቶ ከወገቡ 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል። ነገሩ ግራ ያጋባል እንጂ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሩ በጠለቀ ቁጥር በራሱና በእግሩ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ ስለዚህ ኃይሉ እኩል ወደ መከፋፈል ይጠጋል።

አየሩን ረሳነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የውኃውን ፊት አየርም ይጫነዋል። ነገር ግን አየሩ ከበሩ በስተኋላም አለና ሁለቱ ይጣፋሉ። ለነገሩ ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሒሳባችንን ይህ አይነካውም፤ ውኃን ከላይ ሆኖ በመምጠጥ የሚያወጣ ፓምፕ ላለው ሰው ግን ብርቱ ጉዳይ ነው። ባሕር ወለል ላይ በሐሳብ ደረጃ እስከ 10 ሜትር የሚስበው ፓምፕ እዚህ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለገጠር የውኃ ጉድጓድ የሚመረጡት የእጅ ፓምፖች ሲሊንደራቸውን ውኃው ውስጥ አስጠልቀው ከታች የሚገፉት አንድም ስለዚህ ነው።

እስካሁን ባሰላነው ሁሉ አንድ ነገር አልጠየቅንም፦ ከበሩ ውጭ ያለው ውኃ ምን ያህል ነው? ጣና ይሁን፣ ከበሩ አንድ ክንድ የማይርቅ ጠባብ ቦይ ይሁን፣ ቁጥሩ አይለወጥም። ፍሌሚሹ መሐንዲስ ሲሞን ስቴቪን ይህን በ1586 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ፤ ንጉሥ ላሊበላ ካለፉ አራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። የፈረንሳዩ ብሌዝ ፓስካልም ካረፈ በኋላ በ1663 እ.ኤ.አ. በታተመ ድርሰቱ ነገሩን አጠናከረው። ግፊትን የሚወስነው ጥልቀት ነው፤ ብዛት አይደለም። ይህ እውነት ለዓይን ስለማይታመን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ተቃርኖ ብለው ይጠሩታል። የዚህ ምዕራፍ ነገርም እዚህ ላይ ይቋጠራል።

ወደ ሞላው ጉድጓዳችን እንመለስ። 12 ሜትር ውኃ የቤተ ጊዮርጊስን ግድግዳ በየአንድ ሜትር ወርዱ 72 ቶን ይገፋል። ያስፈራል። ግን በሮቹና መስኮቶቹ ክፍት ናቸውና ውኃው ወደ ውስጥም ይገባል፤ ውስጡ ሲሞላ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው 72 ቶን ከውጭ የሚመጣውን ያቻችለዋል። የጉድጓዱን ዳር ግድግዳ ብናይ ደግሞ ከጀርባው ያለው ተራራ ነው፤ ውኃ ተራራ ገፍቶ የትም አያደርስም። ውኃው ከሥር ገብቶ ሕንፃውን ያነሣው ይሆን? ቤተ ጊዮርጊስ መርከበ ኖኅን ያስታውሳል የሚሉ አሉና ጥያቄው ያለ ቦታው የመጣ አይደለም። የሚያንሳፍፈው ኃይል ግን የሚመነጨው ከሥር ሽቅብ ከሚገፋው ውኃ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ሥር የለውም፤ ከእናት ዐለቱ አልተላቀቀምና ውኃ የሚገባበት ታች የለም። ጣሪያው ላይ የወጣ ውኃ ቢኖር ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ አያነሣውም። አርኪሜዲስ እዚህ ሥራ ይፈታል።

በዚህ ሒሳብ የሞላ ጉድጓድ ለቤተ ጊዮርጊስ የምናስበውን ያህል አስፈሪ አይደለም። እርጥበቱ ዐለቱን ያበሰብሳል፣ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ግፊቱ ግን ይቻቻላል። አስፈሪው የተገላቢጦሹ ነው፦ ግቢው ደርቆ፣ ውኃው ከግድግዳው ጀርባ ስንጥቅ ውስጥ ሲቆም።

ቁጥሩን እንመልከት። ከግድግዳው በስተጀርባ ወደ ታች 10 ሜትር የሚወርድ፣ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ስንጥቅ አለ እንበል። ከስንጥቁ አንድ ሜትር ርዝመት ያህሉን ለመሙላት የሚያስፈልገው ውኃ 20 ሊትር ነው፤ አንድ ጀሪካን። ስንጥቁ እስከ አፉ ሞልቶ የሚያፈስበት ካጣ ይህ የአንድ ጀሪካን ውኃ ግድግዳውን በዚያች አንድ ሜትር ርዝመት ላይ 50 ቶን ይገፋዋል። 500 ኩንታል። በሌላው በኩል ባዶ አየር ነው፤ የሚያቻችል የለም። ከኋላው 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ቢተኛ ኖሮ ከዚህ አንዲት ኪሎ አይጨምርም ነበር።

እንግዲህ ግድግዳው በአንድ ሌሊት የማይወድቀው ለምንድን ነው? የውኃው ማነስ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዐለቱ ተገፍቶ ስንጥቁ ከ2 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ያው 20 ሊትር ከፍታው በግማሽ ይወርዳል፤ ኃይሉ ደግሞ ከጥልቀቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 12.5 ቶን ብቻ ይቀራል። ግፊቱ ረገበ ማለት ነው። እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ። በሐይቅ የተገፋ ግድግዳ አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረ ሐይቁ እየተከተለ ይገፋዋል፤ በስንጥቅ ውኃ የተገፋ ግን በእያንዳንዱ ክረምት ጥቂት፣ በእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ የፀጉር ያህል ይንቀሳቀሳል። የላሊበላ ዐለት ከእሳተ ገሞራ የመነጨ፣ ለመፈልፈል የሚመች፣ ቀዳዳማና ውኃ የሚመጥ ዐለት ነው፤ መጥረቢያውን የተቀበለበት ልስላሴ ውኃውንም ያስገባል። ቤተ መርቆሬዎስ በከፊል ፈርሶ በሰው ሠራሽ ግንብ እንደ ተደገፈ የሄደ ሁሉ ያየዋል። እያንዳንዱን ጉዳት በውኃ ግፊት ማሳበብ አይቻልም፤ ስንጥቅና ዝናብ ባሉበት ቦታ ግን ይህን ኃይል ከሒሳብ ማውጣትም አይቻልም።

ውኃው ከላይ ከሰማይ ብቻ ላይመጣም ይችላል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሥነ ሕንፃ ታሪክ የሚያስተምሩት ማርክ ጃርዞምቤክ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ላሊበላ በረቀቀ የውኃ ምሕንድስና የተሠራች ከተማ መሆኗን፣ ከበላይ ካለው ተራራ ውስጥ ለውስጥ የሚመጣው ውኃ በግፊት ወደ ላይ እንደሚወጣ ይከራከራሉ። አሠራሩ ከበሩ ሒሳብ የተለየ አይደለም። ከከተማዋ በላይ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከፍ ያለ ቦታ የገባ ውኃ በማያስተላልፍ ድንጋይ ሥር ታፍኖ ከመጣ፣ መውጫ ባገኘበት ስፍራ በየ1 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት በካሬ ሜትር 10 ኩንታል ይዞ ይደርሳል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ። ለጸሎት ቤት ኩሬ ይህ በረከት ነው። ለተሰነጠቀ ግድግዳ ጀርባ ግን ዕዳ ነው።

የላስታ ገበሬ ይህን ሒሳብ በወረቀት ባያሰላውም በካብ ያውቀዋል። ተዳፋት እርሻውን የሚደግፍበት እርከን ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ነው። ውኃው በድንጋዮቹ መካከል እያለፈ ይንጠባጠባል፤ አፈሩ ይቀራል። ከጀርባው የሚቆም ውኃ ስለሌለ ካቡ የሚሸከመው አፈር ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ በሲሚንቶ የተገነባው ድጋፍ ግንብ ከካቡ አሥር እጅ የጠነከረ መስሎ ይታያል፤ ግን ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ካልተተወለት ወይም ቀዳዳው በአፈር ከተደፈነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጀርባው የማይታይ ኩሬ ይዞ ያድራል። ሲወድቅ ሰው ሲሚንቶውን ያማል። እኔ መጀመሪያ የማየው ቀዳዳዎቹን ነው።

ከዚያው ከላስታ ደጋ የሚነሣ አንድ ውኃ ደግሞ ሩቅ ሄዶ የተገላቢጦሹ ዕጣ ገጥሞታል፦ እንዲቆም ተደርጓል። ተከዜ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ የኮንክሪት ግድብ ነው፤ ከኋላው 9.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መያዝ ይችላል። ይህን ቢሊዮን ለሚሰማ ሰው ግድቡ የሚታገለው ከዚያ ሁሉ ውኃ ጋር ይመስለዋል። ግድቡ የሚያውቀው ግን ጥልቀቱን ብቻ ነው። ውኃው 180 ሜትር ቢቆም ከእግሩ ሥር በየካሬ ሜትሩ 1,800 ኩንታል ይገፋዋል፤ ሐይቁ ወደ ኋላ ብዙ ኪሎ ሜትር ቢዘረጋም፣ አንድ እርምጃ ብቻ ቢሆንም።

ያን ያህል ኃይል የሚቋቋሙባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ ክብደት ነው፤ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ዋናው አካል 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት ይዞ በገዛ ክብደቱ ተቀምጦ ይመክታል። 140 ሜትር ውኃ በየአንድ ሜትር የግድቡ ርዝመት 9,800 ቶን ይገፋል፤ ስለዚህ ግድቡ ወደ እግሩ እየሰፋ የሚሄደው ለመልክ አይደለም። የበሩን 5 እና 15 ኩንታል እናስታውስ። ሁለተኛው መንገድ የተከዜው ነው፦ ቀጠን ብሎ፣ ወደ ውኃው ጎብጦ፣ የተገፋውን ኃይል ግራና ቀኝ ወዳሉት ገደሎች ማስተላለፍ። በዚህ ዓይነት ግድብ ጭነቱን የሚሸከሙት በመጨረሻ ተራሮቹ ናቸው።

ተራራውስ ስንጥቅ ካለው? ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ፍሬዡስ ከምትባል ከተማ በላይ የተሠራው የማልፓሴ ግድብ ቀጭንና የጎበጠ፣ 66 ሜትር ከፍታ የነበረው ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 1959 እ.ኤ.አ. ማታ ተሰብሮ ከአራት መቶ በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጥፋቱን ኮንክሪቱ ላይ አላገኙትም። በግራ በኩል ያለው ዐለት ከግድቡ በመጣበት ጭነት ተጨምቆ ውኃ አላሳልፍ አለ፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ከኋላው ታፈነ፤ በመጨረሻ የግድቡን መደገፊያ ዐለት ፈንቅሎ አነሣው። ሐይቁን የመከተው ግንብ በስንጥቅ ውስጥ በቆመ ውኃ ተሸነፈ። ከማልፓሴ ወዲህ የግድብ መሐንዲሶች በግድቡ ሥርና በሁለቱ ክንፎች ዐለት ውስጥ የማፍሰሻ ጉድጓዶች መቆፈርን፣ ዐለቱ ውስጥ ያለውን የውኃ ግፊት በመሣሪያ መከታተልን እንደ ዋና ሥራ ይዘውታል። የግድቡን ግንብ ከማወፈር ይልቅ ውኃውን ከተራራው ውስጥ ማውጣት ማለት ነው። ላሊበላ ላይ ቦይ ከቆረጡት ሰዎች ጋር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ላሊበላ ላይ በዘመናችን የተሠሩት ጥገናዎችም በዚህ ዓይን ቢታዩ ጥሩ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት ሥራ አንዱ ድካሙ ቀድሞ በነበረ ጥገና ግድግዳው ላይ የተቀባውን ሬንጅና ቀለም ማንሣት ነበር። ሬንጅ ዝናብን ከውጭ ይከላከላል፤ ውስጥ የገባውን ውኃ ግን ያፍነዋል፤ የታፈነ ውኃ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆሙት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ደግሞ ቤተ መድኃኔዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ከቀጥታ ዝናብ ጋርደዋል። ነዋሪው የመጠለያዎቹ ክብደትና ነፋስ ሲመታቸው የሚሆነው ያሳስበዋል፤ ሥጋቱ ከንቱ አይመስለኝም። ከሒሳባችን አንጻር ግን ሌላም ክፍተት አላቸው፦ ጣሪያ የሚያቆመው ከላይ የሚወርደውን ነው፣ ከተራራው በጎን እየሰረገ በስንጥቅ የሚመጣውን አያቆምም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ከግቢዎቹ በላይ በኩል ያሉትን ጥንታዊ ቦዮች ሰኔ ሳይገባ ከአፈርና ከድንጋይ ማጽዳት ነው፤ ርካሽ፣ አድካሚ፣ ፎቶ የማይነሣ ሥራ።

ስንጥቁን ጨርሶ ማድረቅ ባይቻል እንኳ ሒሳቡ ለጠጋኙ ያዳላል። ያ 10 ሜትር ስንጥቅ፣ 50 ቶን የሚገፋው፣ ከላይ ሁለት ሦስተኛው ጥልቀት ላይ አንድ ማስወጫ ቢከፈትለት የውኃው ከፍታ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ኃይሉ ግን ወደ ሲሶ አይወርድም። ወደ ዘጠነኛ ይወርዳል፤ 5.6 ቶን ገደማ።